በእጅ የሚሠራው

ኮምፒዩተሩ ውኃ ውስጥ ቢበላሽ ልጄ ምን ይተነፍሳል?

የልጅ ልጄ ሱራፌል የሐይቅ ጠላቂ ነው። የሚያዝለው መሣሪያ የተነፈሰውን አየር አጣርቶ መልሶ ይሰጠዋል፤ የጎደለውን ኦክስጅን የሚጨምርለት ግን ኮምፒዩተር ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒዩተር አላምንም። ባንክ ሄጄ “ሲስተም የለም” ተብዬ ስንቴ ተመልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወተት ጣድኩና፣ “እንዳይገነፍል ቆመህ ጠብቅልኝ” ብዬው ምስር ልለቅም ተቀመጥኩ።

“አሸነፍሽኝ እማማ” አለኝ ከምድጃው አጠገብ። “በእጅ የሚሠራውን መሣሪያ ከጓደኛዬ ተውሻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ኦክስጅኑን ቁልፍ እየተጫንኩ የምጨምረው ራሴ ነኝ።”

“ማነሱን በምን ታውቃለህ?”

“መለኪያው ላይ ቁጥሩን አያለኋ። ካነሰ ሳይታወቀኝ ራሴን ያስተኛል፤ ስለዚህ ዓይኔን አልነቅልም።”

“ለአፍታም?”

“ለአፍታም።”

ደስ ብሎኝ እየመረቅኩት ሳለ የቃጠሎ ሽታ መጣ። ቀና ስል ወተቱ እፊቱ ገንፍሎ፣ እሳቱን አጥፍቶ፣ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ስልኩን እያየ ነበር።

ሁለታችንም ድስቱን አየን። “ተው፣ ኮምፒዩተሩ ይሻልሃል” ልለው አፌን ስከፍት፣ የተዋሰውን መሣሪያ ከነቦርሳው አንስቶ ወደ ሐይቁ ወጣ።