ከምሽጉ የወጣ ድንጋይ

ፍስሐ ሴትዮዋን የደረሰባቸው ድንጋዩን በአሮጌ ጋቢ አዝለው ከእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ቁልቁል ሊወርዱ ሲሉ ነበር። የምሽጉ ጥበቃ ነው፤ ከግንቡ አንዲት ጠጠር እንዳትወጣ ፈርሞ ተቀጥሯል።

«አደይ፣ ያውርዱት» አላቸው ድንጋዩን ከኋላ ይዞ። «ቅርስ ነው።»

«ፈርሶ የወደቀ ምን ቅርስ አለው?» አሉ እያለከለኩ። «ልጄ ማትሪክ ሲደርስ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያጠናው። ከጦርነቱ መርዶው እንጂ አስከሬኑ አልመጣም። ይሄን ልቀብርለት ነው።»

ከታች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከእብነ በረድ መቃብሮቹ መሐል አንዲት ጠባብ ጉድጓድ ተቆፍራለች። የእድር ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

አስከሬን ያጣ ቤተሰብ የሟቹን ልብስ ሲቀብር ፍስሐ እዚያው ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቷል።

«ታዲያ ልብሱን አይቀብሩም?» አላቸው፣ ድንጋዩን ሳይለቅ።

«ታናሹ ለብሶት ዘመተ።»

ፍስሐ ጋቢውን ከጀርባቸው ፈታና ድንጋዩን በራሱ ትከሻ ተሸከመው። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ግን ቆም አለ፤ ዞሮ ከግንቡ ሥር የተከመረውን ፍርስራሽ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃቸው።

«አደይ... አንድ ይበቃዎታል?»

ሴትዮዋ የጋቢውን አቧራ አራገፉ።

«ይበቃኛል» አሉ። «የታናሹ መርዶ አልመጣም።» ቀድመውትም ቁልቁለቱን ወረዱ።