ይህችን ዙር ልጨርስ

ፈጠነ ጎንደር ፒያሳ ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል። ያን ቀን ሥራ ቢቀዘቅዝበት፣ በጉብልነቱ ያበደለትን የማኪና እሽቅድድም ጨዋታ ከአሮጌው ኮምፒውተሩ ገልብጦ አዲሱ ላይ ጫነው። ጨዋታው ግን «ጊዜው አልፏል» እያለ አልከፈት አለው። ለዚህ መላ አላጣም። ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተበትን ቀን ከፋይሉ አየና የኮምፒውተሩን ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደዚያችው ዕለት መለሰው። ጨዋታው ወዲያው ተከፈተ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ስልኩ ጠራ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል አነሣው።

«ልጄ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፤ ቶሎ ድረስልኝ» አለች እናቱ፣ ከኮላ ድባ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያችው ዕለትም እንዲሁ ብላው ነበር። እየተጫወተ ዘገየ፤ ሲደርስ ሬሳዋ ተገንዞ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ባሰማኸኝ እያለ ያልተሳለበት ደብር የለም።

«እመጣለሁ እምዬ» አለ አፉ፣ «ይህችን ዙር ልጨርስና።»

«ሸጋ፤ ጨርስ የኔ ልጅ።»

ያለውን ያወቀው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ጣቶቹ ግን ከቁልፎቹ አልተነሡም። ማኪናዋ አንደኛ ስትገባ፣ ስልኩ ውስጥ ዋይታ ተነሣ።