ዘጠኝ ደቂቃ

የአምቡላንስ ማዕከሉ ስልክ ተቀባይ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ለአለቃዋ ታቀብለዋለች። የደወለችው ታናሽ እህቱ ናት።

እናታቸው በረንዳ ላይ ወድቃለች። ደረቷን ይዛለች፤ ላብ አጥምቋታል። እህቱ ሳታለቅስ አንድ በአንድ ትነግረዋለች። ስልክ ላይ እንዲህ ነው የሚባለው ብሎ ያስተማራት እሱ ነው።

ካርታውን ያያል። ባለፈው ወር የከተማውን አምቡላንሶች እንደገና የደለደለው እሱ ነው። የስድስት ወር ጥሪዎችን ካርታው ላይ በቀይ ነጥብ አስቀመጠ፤ ነጥብ ከበዛበት መኪና አቆመ፣ ካነሰበት አነሳ። አማካይ የመድረሻ ጊዜው ከአሥራ አራት ደቂቃ ወደ ዘጠኝ ወረደ። አለቆቹ መጥተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ አማካዩን የሚያሳየውን ሰሌዳ አዩና አጨበጨቡ።

እናቱ ሰፈር ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር፤ የዚያም መኪና ተነሳ። እዚያ ሰው ሲታመም የሚጠራው ባለ ፒክአፑ ጎረቤት ነው። እሱ ራሱ በልጅነቱ ክንዱ ሲሰበር የሄደው በዚያ መኪና ነው። ካርታው ይህን አያውቅም፤ እሱም አልነገረውም።

ከአምቡላንስ ሾፌሮቹ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ ያኔ ስቆበት ነበር። «አለቃ፣ ዝም ያለ ሁሉ ጤነኛ ነው እንዴ?» እሱ ግን ማስረጃ ካለህ አምጣ ብሎ መለሰለት።

አሁን ቅርብ ያለው መኪና ገበያው ዳር ነው። ሽማግሌው ሾፌር እንዲሄድ ያዘዋል። ሃያ ስድስት ደቂቃ።

«ባለ ፒክአፑን ጥሪው» ይላታል እህቱን።



«መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ቆሞልን ነበር። አምቡላንስ እየመጣ ነው ብዬ መለስኩት። አሁን ሥራ ሄዷል። ካልደወላችሁ መኪናው አይመለስላችሁም ያልከን አንተ አይደለህ፣ ጋሼ? እማዬ ናት ደውዪ ያለችኝ። ጥሪው ለልጄ ይቆጠርለት አለች።»

የእናታቸው ትንፋሽ ሲቆም ደረቷን እንድትጫን ይነግራታል፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድትቆጥርም። ትቆጥራለች። ሠላሳ ስትደርስ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ብዙ ጊዜ ትጀምራለች። ኋላ ላይ አሥራ ሰባት ትልና ትተወዋለች።

«አለቃ፣ ደርሰናል» ይላል ሽማግሌው ሾፌር በሬዲዮ። ሆስፒታሉ ይዘጋጅ አይልም።

በደንቡ መሠረት የመድረሻ ጊዜውን የሚመዘግበው ጥሪውን የያዘው ሰው ነው። ሃያ ስድስት ብሎ ይጽፋል። ካርታው ላይ ሦስተኛው ቀይ ነጥብ ይበራል።

ቀና ብሎ ሰሌዳውን ይጠብቃል። ቁጥሮቹ አንዴ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይበራሉ።

ዘጠኝ።