ምስጥ የማይደፍረው መደብ

«ቅመሺው እስቲ! ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ጣዕም አለ?» ይላሉ ሽማግሌው፣ ሰላጣውን በሹካ ወደ ምራታቸው እያወዛወዙ።

ምራትየዋ ሹካዋን አትነካም። የልጇንም ሳህን ወደ ራሷ ስባዋለች። ከእኚህ ሰው ጓሮ የወሰደችውን አፈርና ቅጠል በምትሠራበት ላቦራቶሪ ራሷ መርምራዋለች። አርሴኒክ ነው፤ መርዝ። ይህንኑ አሁን ነግራቸዋለች።

«መርዝ!» ይስቃሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ፋብሪካ እንጨት መድኃኒት ውስጥ ስነክር ኖሬ አንድ ቀን አላስነጠሰኝም። የአትክልቱን መደብ ያጠርኩበት ግንድ እኮ እስከ ዛሬ ምስጥ አልደፈረውም!»

ይህም ኩራት ሆኖ ተገኘ። ምስጥ የተጸየፈውን እንጨት አስጭኖ ጓሮው የደረደረ ሰው፣ ዝናቡ የመድኃኒቱን አርሴኒክ ወደ አፈሩ ሲያወርደው፣ ካሮቱ ከአፈሩ ሲመጥጠው አይታየውም። ቢነግሩትም ጆሮ ዳባ ልበስ። ባሏስ? የአባቱን ፊት እያየ ያላምጣል። ከአገጩ በቀር የሚሠራ ነገር የለውም። እንዲህ ካለ ቤት ማግባቷ ያንገበግባታል።

ሳህኑን ይዛ ኩሽና ትገባለች። የባሏ እናት፣ ባላቸው ፊት ቃል ተንፍሰው የማያውቁት ሴትዮ፣ ዕቃ ያጥባሉ።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳ እንዴት ዝም ይላሉ? ልጄ እኮ ናት!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።» እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ከማጠቢያው ሥር የገበያ ፌስታል ይጎትታሉ። የተረፈ ሰላጣና ካሮት አለበት። «ምስጥ የማይነካውን እኔ ለልጅ ልጄ አቀርባለሁ? አብጃለሁ? እዚህ ቤት የጓሮው ከተበላ ስንት ዓመቱ! እሱ ግን የራሱ እየመሰለው ያጣጥማል።»

ምራትየዋ ሳቋ ያመልጣታል። ገበያ ላይ የሌለ ጣዕም! ሽማግሌውን ከበፊቱ ይልቅ ትንቃቸዋለች፤ እኚህን ሴት ግን አቅፋ ልትስማቸው ይቃጣታል። ሳህኑን ለልጇ ልትመልስ ዞር ካለች በኋላ ነው የሚታወሳት።

«የጓሮውንስ ምን ያደርጉታል?»

«ይጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» ይላሉ፣ በመስኮቱ ወደ አጥሩ እየጠቆሙ።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቲቱ ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ የካሮት እስር ታጥባለች። ሁለት ልጆቿ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ቀና ስትል ሴትዮዋን በመስኮቱ ታያቸዋለች።

«እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ልጆቹ እኮ ሌላ አንበላም አሉኝ!»

«ይብሉልኝ» ይላሉ የባሏ እናት፣ ወደ ዕቃቸው እየተመለሱ። «ይብሉልኝ።»