ሰሙ የወሰደው ሰዓት

«ስፕሬዩ ከሳምንት አያልፍም፤ ዓመት የሚቆየው ሰሙ ነው» አለች ባለሱቋ። «ግን ብረቱ ካልቀዘቀዘ አይዝም።»

«ድሬዳዋ ላይ የሚቀዘቅዝ ብረት አለ እንዴ?» አለ ባለታክሲው ሙስጠፌ። ፀሐይዋ የመኪና ቀለም መላጥ ከጀመረች ወዲህ ቀለሙ የለቀቀ ታክሲ ከሥራ ይታገዳል። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀውን ሰም ገዛ።

ቀዝቃዛ አየር ለየቤቱ የሚለቀቀው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የታመመች እናቱ ያቺን ሰዓት ስትጠብቅ ትውላለች። ሰዓቱ ሲደርስ የታክሲውን ኮፈን ነቅሎ ተሸክሞ ገባ። ጠባቧ ክፍል ኮፈኑንና እናቱን አንድ ላይ አትይዝም።

«ዛሬን ብቻ፣ እማዬ።»

አልጋዋን ለኮፈኑ ለቀቀችና ግድግዳውን ይዛ ወጣች።

ሰሙን ቀብቶ፣ ወልውሎ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ግንባሯን ቢነካው ይፋጃል።

«ያዘልህ?» አለችው።

«ይዟል።»

«አራቱ በሮች ቀሩ ማለት ነው» አለች።