አፍ ለሌለው ፍጡር ድምፅ

«አይሆንም! አሁንም አህያ አህያ ይላል» ይለኛል ዳይሬክተሩ፣ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛዬ ላይ እየወረወረ።

ልክ ነው፤ አህያ ነው። ፍጥነቱን ቀንሼ፣ የላስቲክ ኮሽታ ጨምሬበት፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳሸው የዋልኩት የአህያ ጩኸት ነው። ፊልሙ ነገ ለአከፋፋዩ መድረስ አለበት፤ የፊልሙ ጭራቅ ግን እስካሁን ዲዳ ነው።

«ከዋክብት ሳይፈጠሩ የነበረ ፍጡር ነው እኮ፣ ጋሼ። ሰው ድምፁን ሲሰማ አእምሮውን መሳት አለበት።»

«አፍ የለውም ብለኸኝ የለም እንዴ? በምኑ ነው የሚጮኸው?»

«በህልውናው።»

በህልውናው! ይህ ሰው እስከ አምና ድረስ ሰርግ ይቀርጽ ነበር። ስለ ጠፈር ጥልቀትና ስለ ሰው ልጅ ከንቱነት የሚያወሩ ሁለት ሦስት መጻሕፍት አነበበና ፈላስፋ ሆኖ ቁጭ አለ። በቃላት አይገለጽም የሚለው ፍጡሩ ከፍራሽ ስፖንጅ ተቆርጦ ጥቁር ቀለም የተቀባ ነው፤ አንዱ ትዕይንት ላይ ዚፑ ይታያል። ትናንት እዚሁ በረሮ አይቶ ወንበር ላይ የወጣ ሰው፣ ዛሬ ስለ ጠፈር ድንጋጤ ያስተምረኛል።

«እስቲ እኔ ልፈልግ» ብሎ ማውዙን ከእጄ ይወስድና የድምፅ ማኅደሬን መበርበር ይጀምራል። ይድከምበት ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ እግሬን እዘረጋለሁ። በር ሲከፈት፣ ሲዘጋ ይሰማል። ዝናብ። የሊፍት ገመድ። የማንም ያልሆነ ጫማ ኮቴ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያዎቹ ይተነፍሳሉ።

ረጅም፣ እርጥብ፣ ከሥሩ የሚንተከተክ ነገር ያለበት ትንፋሽ ነው። ይቆማል። በጣም ይቆያል። አበቃ ሲሉት እንደገና ከጉድጓድ እንደሚጎተት ነገር እየከበደው ይወጣል።

«ይሄ! ይሄ ነው!» ዳይሬክተሩ ተነሥቷል። ክንዱን ያሳየኛል፤ ፀጉሩ ቆሟል። «ይሄን ደብቀህ ነው በአህያ ስታደርቀኝ የዋልከው?»

ስክሪኑ ላይ የፋይሉን ስም አነባለሁ፤ «ትንፋሽ፣ ወንድ፣ ቤት ውስጥ፣ 04»። እኛ የድምፅ ሰዎች ፋይል የምንሰይመው በሚሰማው ነገር እንጂ በባለቤቱ አይደለም። ለብቻው ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከዝናቡና ከሊፍቱ ጋር አብሬ አስገብቼዋለሁ።

«ምን እንስሳ ነው?» ይለኛል።

«አባቴ ነው። የመጨረሻዋ ቀን።»

ቁጭ ይላል። አፉን በእጁ ይሸፍናል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። ከጠየቀኝ ሌላ ድምፅ እስኪገኝ አብሬው እለፋለሁ፤ ፊልሙም ለነገ ባይደርስ አይድረስ። አባቴ ግን ዚፕ ላለው ስፖንጅ ትንፋሹን አይሰጥም።

«ነፍሳቸውን ይማር» ይላል። ቀጥሎ፣ «ስንት ደቂቃ አለ?»

ይህን ሰው እንዲህ ንቄው አላውቅም። ማውዙን እነጥቀዋለሁ። የሰው ሞት ሰምቶ ደቂቃ የሚለካ! ሙት ሆኖ የተወለደ! እኔ አባቴ አጠገብ ስድስት ሰዓት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ሲጨንቀኝ መቅረጽ እንጂ ሌላ ነገር ስለማላውቅ ቀረጽኩት፤ በቃ። ፋይሉን ለማጥፋት ጣቴ ማውዙ ላይ ነው።

«በጣም ጥርት ያለ እኮ ነው፣ ጋሼ» ይላል ቀስ ብሎ፤ ሊያጽናናኝ መሆኑ ነው። «አንዲት ኮሽታ የለበትም። ማይኩን እንዴት አድርገህ ነው የያዝከው?»

በሁለት እጄ። የአባቴ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ እየዳበሰ ይፈልገኝ ነበር። የጨርቁ ኮሽታ ድምፁን ሲያበላሽብኝ፣ እጁን አንስቼ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።