የማርጊት ልጅ

የማርጊትን ጸጉር እያበጠርኩ ሳለሁ ትርፌ ሺፍት ልትቀበለኝ ትገባለች። ኮቷን ሳታወልቅ አፏ ይቀድማታል።

«ዛሬም በሀንጋሪኛ ነው የምታበጥሪያቸው?»

«ባንቺ እንግሊዝኛ ከሚበጠሩ ይሻላቸዋል።»

ትስቃለች። ዴንቨር ሎውሪ ሰፈር፣ እዚህ አፓርታማ ውስጥ፣ ማርጊትን ተካፍለን ነው የምንንከባከባቸው፤ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሷ። ማርጊት ዘጠና ሊሞላቸው ነው። የመርሳት በሽታው እንግሊዝኛቸውን ጠራርጎ ወስዶ ያገራቸውን ቋንቋ ብቻ ተወላቸው። የቀጠረን ኤጀንሲ «በምልክት ተግባቡ» አለን። እኔ በምልክት የምግባባ ሰው አይደለሁም። ከኦሮራ ላይብረሪ አንድ የተበጫጨቀ መጽሐፍ ተዋስኩና የኮልፋክስ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ፣ የስልኬን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ብቻዬን ተማርኩት። እንግሊዝኛንስ ማን አስተማረኝ?

አንዱን ምዕራፍ ግን ምንም ሳልለፋ ነው ያለፍኩት። የሀንጋሪ ሰው «የኔ» ማለት ሲፈልግ ልክ እንደኛ ከቃሉ ጭራ ላይ ይቀጥላታል፤ «እናቴ»፣ «ልጄ» እንደምንለው። «ሃቭ» የሚባል ነገርም የላቸውም። «አለኝ» ነው የሚሉት፤ ቁርጥ እንደኛ። መጽሐፉ ይህንን ለፈረንጅ ለማስረዳት ገጽ በገጽ ላይ ሲደራርብ፣ እኔ አውቶቡሱ ፒዮሪያ ፌርማታ ሳይደርስ ጨርሼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተናገርኩት ቃልም ከዚያው የወጣ ነው። ኤጀንሲው «በስማቸው ጥሯቸው» ይላል። አያት የሚሆኑ ሴትዮ «ማርጊት» ብዬ ልጥራ? አፌ እሺ አላለኝም። «አኛም» አልኳቸው። እናቴ። ጎረቤቷንም፣ ጉልት ሻጯንም፣ መንገድ የምንጠይቃትንም ሴት እንደምንለው። ዓይናቸውን ከግድግዳው ላይ አንስተው በደንብ አዩኝ።

«ላኞም» አሉኝ። ልጄ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ እምቢ ማለት ቀረ። ገላቸውን ስናጥባቸው መጮህ ቀረ። ኮራሁ። ትርፌ ጆሮዋ እስኪደነቁር አወራሁላት። እሷ «ማዘር» ነው የምትላቸው፤ አንድም ቀን ዞረው አይተዋት አያውቁም።

«ልጃቸው ዛሬ ትመጣለች» ትላለች ትርፌ ኮቷን እየሰቀለች። «ደወለችልኝ። ድና መንዳት ጀምራለች።»

ልጃቸው ጁዲ የምትኖረው ቶርንተን ከተማ ነው። ስኖው ሳይጥል የዳሌ ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ ከዚያ ወዲህ ሳትመጣ ይኸው ዛፉ አበባ አወጣ። ዴንቨር ተወልዳ፣ እናቷ በሀንጋሪኛ ሲጠሯት በእንግሊዝኛ እየመለሰች ያደገች ናት።

«እንደኔ ልጅ፣ እንደ ሊዑል» ትላለች ትርፌ። «እኔን የሚያይበት ዓይን ራሱ በእንግሊዝኛ ነው።»

በሩ ይንኳኳል። ጁዲ ከዘራ ይዛ ትገባለች። ጸጉሯን ተሠርታለች። ደረቱ ላይ አበባ የተጠለፈበት፣ አሁን የጠበባት ቀይ ሹራብ ለብሳለች።

«ኮሌጅ ስገባ እሷ ናት የሠራችልኝ» ትለኛለች በእንግሊዝኛ። «ሳጥን ውስጥ ስፈልገው አደርኩ። እኔን ባታውቀኝ እሱን ታውቀዋለች ብዬ ነው።»

ወንበር ስባ ከእናቷ ፊት ትቀመጣለች። «ማም። ጁዲ ነኝ።»

ማርጊት አያዩዋትም። ሹራቡን ነው የሚያዩት። ጣታቸው ይዘረጋና የአበባውን ክር አንድ በአንድ ይከተላል። ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ቀርቻለሁ። 

ከዚያ ወደኔ ይዞራሉ።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?» ይላሉ በሀንጋሪኛ። «ሹራቡ የልጄ ነው። ታውልቅና ትስጥሽ።»

«‹ላኞም› አለች አይደል?» ጁዲ ክንዴን ትይዛለች። «ያንን ቃል አልረሳሁትም። ምን አለች?»



«ሹራቡ የልጄ ነው፣ አሉ።»

ውሸት የለበትም። ጁዲ ከዘራውን ጥላ በሁለት እጇ ፊቷን ትሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ጎንበስ ብዬ ለማርጊት ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ የተማርኩትን ሁሉ አሟጥጬ። ልጅዎ እሷ ናት። እኔ ሠራተኛ ነኝ። እሷን ይጥሯት።

ማርጊት ቀልድ የሰሙ ያህል ይስቃሉ። እጄን ይዘው ጉንጫቸው ላይ ያደርጉታል።

«ልጅ አለችኝ» ይላሉ። «አንዲት።»

ጁዲ ፊቷን ገልጣ ሳቃቸውን ታያለች፤ እሷም ትስቃለች፤ እጇንም በእጃችን ላይ ትደርባለች።

«አሁንስ ምን አሉ?» ትለኛለች ትርፌ በአማርኛ፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ምንም።»

ታየኛለች። ከዚያ ማርጊትን ታያለች። ከዚያ ጁዲን።

«ማዘር ብትያቸው ይሻል ነበር» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ቀልድ የለበትም። «ሂጂ በቃ። ሰዓትሽ አልቋል።»

እጄን ከመካከላቸው አወጣለሁ። ማርጊት ጣቴን አጥብቀው ይይዙታል፤ አንድ በአንድ ነው የማላቅቃቸው። ሌላ ቀን «ነገ እመጣለሁ፣ አኛም» ብዬ ግንባራቸውን ስሜ ነው የምወጣው። ዛሬ ቦርሳዬን አንስቼ ዝም ብዬ እወጣለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሳለሁ በሩ ገና አልተዘጋም።

«ላኞም» ይላሉ ማርጊት ከኋላዬ።

እግሬ ይቆማል። ሊፍቱ ይከፈታል።

«ኢገን፣ አኛም» ይላል የጁዲ ድምፅ፤ አዎ፣ እናቴ። ከስንት ዘመን በኋላ፣ በአሜሪካ ምላስ።

«አንቺን አይደለም» ይላሉ ማርጊት በሀንጋሪኛ። «እሷን ነው። ጥሪልኝ።»

ሊፍቱ ባዶውን ይዘጋል። ከበሩ ወዲያ ጁዲ ደስ ብሏት ደግማ ደጋግማ ትመልሳለች፤

«ኢገን። ኢገን።»